«ወራጅ አለ!» የሚለው ወንድሜ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴና ከ14 ዓመት ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። አባታችን ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ወንድሜን ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። ኦቲዝም አለበት። ብዙ አያወራም። የሚለው ነገር ቢኖር ከታክሲ የለቀመውን ነው። ‹መገናኛ መገናኛ!›፣ ‹ሞልቷል ሳበው!›፣ ‹ወራጅ አለ!› እያለ ይውላል። መብራት ሲጠፋም ይጮሃል። ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ገብቶ ‹ልጆቹን ረበሸ› ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቤት ነው። ቡና ጠጪ ሲመጣ እናቴ መኝታ ቤት አስገብታ ትዘጋበታለች። በሩን እየደበደበ ‹ወራጅ አለ!› ሲል ጎረቤቶች ይስቃሉ፣ እሷ ታለቅሳለች።

ጥር ላይ ላገባ ነው። እጮኛዬ ማሙሽን ያውቀዋል፤ ቤተሰቦቹ ግን አያውቁም። ጥቅምት መጨረሻ ሽማግሌ ይልካሉ። እናቴ ‹ለዚያ ቀን ደብረ ብርሃን አክስትሽ ጋ ይሂድ፤ በዘራቸው አለ ብለው ይቀሩብሻል› ትላለች። ለሠርጉም እንደዚያው። እኔ ግን ወንድሜ የሌለበት ሠርግ አልዋጥልህ ብሎኛል። ደግሞ የሚያጥበውም የሚያስተኛውም እኔ ነኝ። ስሄድ ምን ይሆናል? ግራ የገባት እህት»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሐሳቤ ሽማግሌውና ሠርጉ ላይ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንቺ እንደ ዋዛ ጽፈሽው ያለፍሽው ነገር ላይ ቀረሁ። በሩ ተዘግቶበት «ወራጅ አለ!» ይላል ብለሻል።

እስቲ ታክሲ ውስጥ ነኝ ብለሽ አስቢው። «ወራጅ አለ» የሚባለው መቼ ነው? መውረድ ስንፈልግ ነው። በር እንዲከፈትልን ነው። ልጁ እኮ የሚላችሁ «ክፈቱልኝ» ነው። አማርኛው የታክሲ ይሁን እንጂ ልመናው የራሱ ነው።

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች እንዲህ ያወራሉ። ቃል ከቃል ከመግጠም ይልቅ አንድን አባባል እንዳለ፣ ከነዜማው ያነሡታል። ከማስታወቂያ፣ ከካርቱን፣ ከእናት ቁጣ፣ ከረዳት ጩኸት። ከዚያ የዚያን ጊዜውን የሚመስል ነገር ሲገጥማቸው መልሰው ያወጡታል። ድሮ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ባዶ ድግምግሞሽ ነው እያሉ ልጆቹን ዝም ለማሰኘት ይደክሙ ነበር። ዛሬ ንግግር ተብሎ ነው የሚታየው። ሁሉም መልእክት አለው አልልሽም። አንዳንዴ ድምፁ ስለጣመው ብቻ ይለዋል። እኛስ ዕቃ ስናጥብ የምናንጎራጉረው ምን ቁም ነገር አለው?

ስለዚህ ከሽማግሌው በፊት አንድ የቤት ሥራ አለሽ። ደብተር ግዢ። ለአንድ ሳምንት ማሙሽ ያለውን ጻፊ፤ ከማለቱ በፊት ምን ነበር፣ ካለ በኋላስ ምን ሆነ? ልገምት? «ሞልቷል» የሚለው ሳሎኑ ሰው ሲበዛበት ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ደብተሩ ይፈርዳል። «ወራጅ አለ» ሲል ግን ደብተርም አትጠብቂ። «እሺ፣ ይወረዳል» ብለሽ በሩን ክፈቺለት፣ ካለበት ጫጫታ አውጪው። ሁል ጊዜ፣ ወዲያው። ያለው ነገር እንደሚሰማ ሲያውቅ በር መደብደቡ እየቀነሰ ይሄዳል። በር የሚደበድብ ሰው አፉ አልሰማ ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልሂድ። እንዳትፈርጂባት። እኔም ራሴ ከዓመታት በፊት ጎረቤት ቡና ስጠጣ ከጓዳ የሚንኳኳ ነገር ሰምቼ ያውቃል። ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ቀጠልን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ባለቤቷን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ እንግዳውንም አፉን ያስይዘዋል። እናትሽ ገመና እየሸፈነች ነው የሚመስላት። ገመና ደግሞ መሸፈን እንዳለበት ሁላችንም ተምረናል። ወንድምሽ ግን ገመና አይደለም፤ የቤቱ ልጅ ነው። ይህንን የምትነግሪያት ተቆጥተሽ ከሆነ አትሰማሽም። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ አስቀድማ ማመን አለባት።

አይደለምም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም ስለ ኦቲዝም እ.ኤ.አ. በ1943 ከጻፈ በኋላ አሜሪካ ውስጥ እናቶች ለረጅም ጊዜ አበሳቸውን ነው ያዩት። «ልጅሽን እንዲህ ያደረገው ያንቺ መቀዝቀዝ ነው» ይባሉ ነበር፤ እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘች እናት ተብለው። የኦቲዝም ልጅ አባት የሆነው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን በጽሑፍ ተሟግቶ አንኮታኮተው። እኛ ሰፈር «ፍሪጅ» አንልም እንጂ «እርግማን ነው»፣ «እርጉዝ ሳለች እንዲህ አድርጋ ነው» እንላለን። ያው ነው።

እኛም አገር በሩን ከፍተው የወጡ እናት ነበሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ነው። ጓዳ አላስገቡትም፤ እንዲያውም አደባባይ ወጥተው ስለ እሱ አወሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ንግግራቸው በቪዲዮ ይገኛል። ከእኔ ምክር ይልቅ እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ እሱን ክፈቺላት። እናት እናትን ትሰማለች።

ሽማግሌውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። ደብረ ብርሃን አይሂድ። ግን ሽማግሌዎቹ መጥተው ሳሎን ሲያዩት መስማትም የለባቸውም። ነገሩን ቀድሞ መንገር ያለበት እጮኛሽ ነው፤ አንቺም አይደለሽም፣ እናትሽም አይደለችም። ለአባትና ለእናቱ፣ እሱ ራሱ፣ ተቀምጦ። ረጅም መግለጫ አያስፈልግም። «የሚስቴ ወንድም ኦቲዝም አለበት። ብዙ አያወራም፣ ጫጫታ ይረብሸዋል። ስትሄዱ ታገኙታላችሁ» ይበቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ለቅሶ መርዶ እንዳይነግራቸው ብቻ አስጠንቅቂው። ሰው የሚደነግጠው ከወሬው ይልቅ በተናጋሪው ፊት ነው።

«በዘራቸው አለ» የሚለውን አንሸሸው። ኦቲዝም የዘር ድርሻ አለው፣ ይህን መካድ ውሸት ነው። ግን በአንድ ጂን የሚመጣ፣ ከወንድም ወደ እህት ልጅ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነገር አይደለም። ኦቲዝም ካለበት ሰው እህት የሚወለዱ ልጆች ዕድላቸው ከሌላው ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል፤ አብዛኞቹ ግን ኦቲዝም የለባቸውም። እጮኛሽ ይህን እንዲህ ባለ አማርኛ ካንቺ ይስማ። ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲጠቅሰው የቆየው ግምት ከ100 ልጆች አንዱ ገደማ ነው። የባልሽን ዘመድ አዝማድ ቁጠሪው። ከሚመጡት ሽማግሌዎች የአንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ ሌላ ማሙሽ ቢኖር አይገርመኝም።

ሰምተው ቢቀሩስ? ያማል። ግን ጥቅምት ላይ የቀረ አማት ከሦስት ልጅ በኋላ «ደብቃችሁን» ከሚል አማት ይሻላል።

የዚያን ቀን ምን ይሁን ታዲያ? ማሙሽ ከሦስት ሰዓት የሽማግሌ ወግ ጋር ይቀመጥ አልልሽም። እኔም አልችለውም። ትንሽ ይታይ፤ ሥራ ይዞ ይታይ። በደብዳቤሽ መጨረሻ፣ ከስምሽ በታች «ሲኒዎቹን አበባቸውን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ይደረድራል፣ እናቴ ታበላሽበታለች» ብለሽ ነበር። ይሄ ወርቅ ነው! ረከቦቱ ላይ ሲኒ የሚደረድር እሱ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ፣ በየቀኑ ቡና። እናትሽ ጀበናውን ትያዝ እንጂ ሲኒው የሱ ነው፣ አበባው ወደፈለገው ይዙር። ወር ሙሉ ሲያደርገው ከርሞ ሽማግሌ ሲመጣ ያው የለመደው ሥራ ነው የሚሆነው። ይደርድር፣ ይታይ፣ ስሙ ይጠራ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ይግባ። በሩ ግን አይቆለፍ። ክፍል መግባትና ክፍል መዘጋት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ክፍሉ ማረፊያው እንጂ ቅጣቱ መሆን የለበትም።

ለእንግዶች በር ላይ የምትነግሪው ሁለት ነገር አለ። አትሳሙት፤ አታጉርሱት። አውቃለሁ፣ አገራችን ሰው ሳይሳም አይገባም። ግን አስቢው፣ ቆዳው ነገርን ሁሉ ጎላ አድርጎ የሚሰማበት ልጅ ላይ አሥር የማያውቀው ሰው ጢሙን እያሻሸ ሦስት ሦስት ጊዜ ጉንጩን ይስመዋል። ጉርሻማ አይነሳ። የሌላ ሰው እጅ፣ የማያውቀው ወጥ፣ ሳይታሰብ አፍ ውስጥ! «እጁን አንሥቶ ሰላም ይላችኋል» በይ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ይበለው።

ዕጣኑንና ቆሎ የሚመስለውን የቡና ጢስ ደግሞ እይው። እኛ የምንወደው ሽታ እሱን አናቱን ሊያዞረው ይችላል። ቡናው በረንዳ ላይ ተቆልቶ ቢገባ፣ ዕጣኑ እሱ ሲኒውን ከደረደረ በኋላ ቢጨስ ማንም አይጎዳም።

ከእንግዳ ቀን ይልቅ ግን ልጁን የሚያደክመው አዘቦቱ ነው። ቀኑ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም። እኛ «ቆይ»፣ «አሁን»፣ «ትንሽ ቆይተን» እንላለን፤ ለሱ ይህ ሁሉ አየር ነው። በስልክሽ የቤቱን ነገር ፎቶ አንሺ፦ ጥርስ ብሩሹን፣ የቁርስ ሳህኑን፣ ደረጃውን፣ የታክሲ ፌርማታውን፣ አልጋውን። ፎቶ ቤት ወስደሽ አሳትሚና ግድግዳ ላይ በተራ ለጥፊ። ያለፈውን ይንቀል። የሚመጣውን በዓይኑ ይየው። እንግዳ ያለ ቀን የሲኒ ፎቶ አስገቢበት። መብራት የጠፋ ቀንም የራሱ ፎቶ ይኑረው፣ ሻማ ወይም የእጅ ባትሪ። መብራት ሲጠፋ ይጮሃል ብለሽ የለም እንዴ? እኛ ኤሌክትሪክ ሄደ እንላለን፤ ለሱ የሄደው ቀኑ ነው። ባትሪው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የማብራቱም ሥራ የሱ ይሁን።

ሲብስበት፣ ሲጮህና ራሱን ሲመታ፣ አታስረጂው። ያን ሰዓት ጆሮው ሞልቷል። ቃል ቀንሺ፣ ሰው ቀንሺ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ራሱን እንዳይጎዳ ትራስ አስጠጊ፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ በይ። ልጁ አልቀበጠም፣ ሞልቶበት ነው። መወዛወዙንና እጁን ማርገብገቡን ግን ተይለት። ማንንም አይጎዳም፤ እሱን ያረጋጋዋል።

አንድ ጠንከር ያለ ነገር ልበልሽ። 14 ዓመቱ ነው። ከእንግዲህ ቀስ በቀስ አንቺ ማጠቡን ልትተዪ ይገባል። ባታገቢም ኖሮ። ድምፁ እየጎረነነ ያለ ልጅ ገላው የራሱ እንደሆነ፣ ልብስ የሚወልቀው በር ዘግቶ እንደሆነ፣ ማን ሊነካው እንደማይችል መማር አለበት። ካላወቀ ለክፉ ሰው ቀላል ነው። ለዚህ የሚጠቅም ዘዴ አለ፣ ከመጨረሻው መጀመር። መጀመሪያ ሁሉንም አንቺ አድርገሽ ፎጣውን መስቀል ብቻ ለሱ ትተዪለታለሽ። ያን ሲችል ሰውነቱን ማድረቅና ፎጣ መስቀል። ከዚያ ሳሙናውን ማስለቀቅ፣ ማድረቅ፣ መስቀል። ሁል ጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ብትጀምሪ ግማሽ ላይ ደክሞት ይተወዋል፤ እንዲህ ግን ሥራውን የፈጸመው ራሱ ሆኖ ይወጣል። ወንድ ዘመድ፣ አጎት ወይም የአጎት ልጅ፣ ቢያግዝሽ ደግ ነው። አራት ወር አለሽ። ለገላ መታጠብ ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም በዚህ መንፈስ የተሠራ ነው፤ ትምህርቱን ከቤት ሥራና ከጨዋታ ውስጥ ያወጣዋል። ለትንንሾች፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች፣ የታሰበ ቢሆንም ሐሳቡ ለማሙሽም ይሆናል። እኛ አገርም ተሞክሯል። በኢንተርኔት ይገኛል፤ አንብበሽ ለእናትሽ ተርጉሚላት። ከጆይ ሌላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ወረፋው ረጅም ነው። ቢሆንም ተመዝገቢ። ጎን ለጎን ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ጠይቂ። አንድ ትምህርት ቤት «ረበሸ» ስላለ ትምህርት አበቃ ማለት አይደለም።

እናትሽ ጸበል ትወስደው እንደሆነ አልጻፍሽም። የምትወስደው ከሆነ እኔ እምነቷን አልነካም። ሁለት ነገር ብቻ ለምኛት። ውኃው በድንገት ፊቱ ላይ አይደፋበት፣ ደግሞም አይታሰር። የሚጥል በሽታም ኦቲዝም ባለባቸው ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አይቋረጥ። ጸበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ የሚያጣሉአቸው ሰዎች ናቸው።

አሁን መሄድሽ። የምትሰናበቺው በሠርጉ ዋዜማ ከሆነ ለማሙሽ አንድ ማታ ሞተሽበት ማለት ነው። አልጋሽ ባዶ ይሆናል፣ ማንም አይነግረውም። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሪ። አዲሱን ቤትሽን ይየው፤ መጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ለቡና፣ ከዚያ ለምሳ። የራሱ ብርጭቆ እዚያ ትቀመጥለት። የማስተኛቱን ሥራ ለእናትሽ በአንድ ጊዜ አታስረክቢ። አንድ ማታ አንቺ፣ አንድ ማታ እሷ፤ ያው ብርድ ልብስ፣ ያው ቅደም ተከተል። እናትሽ «እኔ አላውቅበትም» ትል ይሆናል። አንቺም አታውቂበትም ነበር።

የቀን መቁጠሪያ ስቀዪ። የምትመጪበት ቀን ላይ ፎቶሽ ይለጠፍ። አደራ፣ «ብቅ እላለሁ» እንዳትይው! እኛ ብቅ እላለሁ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን፣ እሱ ግን በር ላይ ቆሞ ይውላል። ቅዳሜ ካልሽ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ቃል ገብቶ አንዱን ከማጠፍ አንድ ቀን ብቻ መስጠት ይሻላል።

ኪሱ ውስጥም ካርድ ይኑር፦ ስሙ፣ ኦቲዝም እንዳለበት፣ ያንቺና የእናትሽ ስልክ። አንቺን ፍለጋ ሊወጣ ይችላል፤ ታክሲ ደግሞ ይወዳል። የሰፈሩን ተራ አስከባሪና የጥበቃ ሠራተኛውን አስተዋውቂው። የደበቃችሁትን ልጅ ማንም አይመልስላችሁም፤ ፊቱን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው የሚመልሰው።

ሠርጉ? ይኑርበት። ግን ሠርግ ማለት ስፒከር፣ እልልታ፣ የመኪና ጥሩምባና አምስት መቶ ሰው ነው። ያንን ሙሉ ቀን እንዲችል መጠበቅ አንቺን ለማስደሰት እሱን መቅጣት ነው። አዳራሹ ሳይሞላ፣ ሙዚቃው ሳይጀመር ይምጣ፤ ፎቶ ተነሡ፣ አጠገብሽ ይቀመጥ። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት የጆሮ መከለያ ግዢለት፤ ከአሁኑ ቤት ውስጥ ይለማመደው። የሚለብሰው ሱፍ ሦስት አራት ጊዜ ተለብሶ የለሰለሰ ይሁን፣ አንገቱ ላይ ያለው ምልክት ይቆረጥ። ሃያ ደቂቃ ከቆየ ሙሉ ሠርግ ነው። ይልቅ መልሱን ለሱ አድርጊው። መልስ በቤታችሁ ነው፣ ሲኒውም እዚያ ነው።

ለሁለቱም ቀን ግን አንድ ሰው መድቢ። ሚዜም ዘመድም ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አይኑረው። አይጠጣም፣ አይጨፍርም፣ የመኪና ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አለ። ከአሁኑ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከማሙሽ ጋር ታክሲ ይሳፈር። ማሙሽ «ወራጅ አለ!» ሲል፣ «ይወረዳል» ብሎ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።